የማይሽር ውጤት

«ሕክምና? በዚህ ዕድሜህ? በዚያ ውጤት? ተው ወንድሜ፣ ነርሲንግ ይበቃሃል።» በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖረው ሐበሻ ይህን ምክር ያልሰጠ ወይም ያልተቀበለ ጥቂት ነው። በቡና ላይ ይነገራል፣ ለቅሶ ቤት ይነገራል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይነገራል። «እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ተረትም ይከተለዋል። መካሪዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ በእውነት አዝነው ነው የሚናገሩት። ነርስነትንም ማንም አያሳንሰው፤ የስንቱን ቤተሰብ ጎጆ ያቆመ፣ የስንቱን በሽተኛ ሕይወት ያተረፈ ሙያ ነው። ምክሩ ግን ስህተት ነው። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያበጁትን አንድ መጥፎ ልማድ የራሳችን ጥበብ አስመስለን ለወገኖቻችን እያደልን ነው። ልማዱም ሰው በሕይወቱ ያመጣውን የኮሌጅ ውጤት ሁሉ ደምሮ አካፍሎ፣ በሚወጣው አንድ ቁጥር የወደፊቱን መቁረጥ ነው።

አሠራሩን ከሥሩ እንየው። ኤም.ዲ. የተባለውን የሐኪምነት ዲግሪ ወደሚሰጡት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚላከው ማመልከቻ በአብዛኛው የሚያልፈው አምካስ በሚባለው ማዕከላዊ አገልግሎት በኩል ነው። አምካስ አመልካቹ በአሜሪካና በካናዳ ኮሌጆች የወሰደውን እያንዳንዱን ኮርስ ይቆጥራል። ወድቆ የደገመው ኮርስ ካለ ሁለቱንም ውጤት ይደምራል፤ ኮሌጁ ራሱ የቀድሞውን ኤፍ ቢሰርዝለት እንኳ አምካስ አይሰርዝለትም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቀበት ዲግሪ ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ የውጭ አገር ውጤት አይደመርም። አገር ቤት ምህንድስና ተምሮ፣ ዓመታት ሠርቶ የመጣ ሰው እዚህ የሚታወቀው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በጀመረው የመጀመሪያ ሴሚስተር ነው።

ያ ሴሚስተር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። በዲቪ የመጣው ሰው ገና የአውቶቡሱን መስመር ሳይለይ ይመዘገባል። ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ ያድርና ጠዋት ባዮሎጂ ክፍል ይገባል። እናቱ ታማለች፣ እህቱ ኮሌጅ ገብታለች፤ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ አለ። «ለጊዜው ሁለት ኮርስ ብቻ ውሰድ» የሚለው ሰው የለም፤ ቢኖርም የፌዴራሉ ፔል ግራንት ሙሉ የሚሆነው ቢያንስ 12 ክሬዲት ለያዘ ነው፤ ክሬዲቱ ሲያንስ ርዳታውም ያንሳል። ስለዚህ በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራ 12 ክሬዲት ይሸከማል። ኬሚስትሪውን ያውቀዋል፤ የፈተናውን እንግሊዝኛ አንብቦ ለመጨረስ ግን ጊዜው ያጥረዋል። ሲ ያመጣል፤ አንዳንዴም ዲ። ውጤቱ በትክክል የሚናገረው ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አዲስ ቋንቋ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የመግቢያ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ግን የሰውየው አእምሮ መለኪያ ሆኖ ይነበባል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ 60 ክሬዲቶች 2.6 አመጣ እንበል። ከዚያ ኑሮው ረጋ፣ እንግሊዝኛው ጠራ፤ በቀጣዮቹ 60 ክሬዲቶች 3.9 አመጣ። አማካዩ 3.25 ነው። ቆራጥ ሆኖ ሥራውን ቀንሶ፣ ተጨማሪ 60 ክሬዲት የሳይንስ ኮርስ ወስዶ በሁሉም ኤ ቢያመጣ፣ ማለትም ለሁለት ዓመት አንዲት ነጥብ ሳይጥል ቢማር፣ አማካዩ 3.5 ብቻ ይሆናል። በ2023 ወደ አሜሪካ ኤም.ዲ. ትምህርት ቤቶች የገቡት ተማሪዎች አማካይ ውጤት 3.77 ነበር፤ ኤምካት በሚባለው የመግቢያ ፈተና ያገኙት ውጤትም ከ528ቱ 511.7። በዚያ ዓመት ካመለከቱት 52,577 ሰዎች የገቡት 22,981 ናቸው። እንግዲህ 120 ክሬዲት ያህል በከፍተኛ ውጤት የተማረ ሰው፣ በአሥራ ዘጠኝ ወይም በሃያ አምስት ዓመቱ በተማራቸው 60 ክሬዲቶች ምክንያት ከአማካዩ በታች ይቆማል። ከሁለቱ ሰዎች ነገ በሽተኛ የሚያየው የትኛው ነው? ያ የዛሬ አሥር ዓመት እንቅልፍ የሚያንገላታው ወጣት ወይስ ዛሬ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በኤ የሚያልፈው ጎልማሳ? አማካይ ይህን መመለስ አይችልም፤ ሁለቱን አቅልጦ የሌለ ሦስተኛ ሰው ይፈጥራልና።

ትምህርት ቤቶቹ «አመልካቹን በሙሉ ማንነቱ እናያለን» ይላሉ። አንዳንዶቹ በእውነት ያደርጉታል፤ የመጨረሻዎቹን ክሬዲቶች ለብቻ አውጥተው የሚመዝኑም አሉ። በርካቶቹ ግን ፋይሉ በሰው እጅ ከመገለጡ በፊት በቁጥር ያጣራሉ። ሙሉ ማንነት የሚታየው ወንፊቱን ላለፈ ብቻ ከሆነ፣ ለወደቀው ቃሉ ባዶ ነው።

የነበሩት መውጫዎችም እየጠበቡ ሄደዋል። ዲ.ኦ. የተባለውን ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ኮርስ ለደገመ ሰው አዲሱን ውጤት ብቻ ይቆጥር ነበር። ሙያ ቀይረው ለሚመጡ ሰዎች የመጨረሻዋ ሰፊ በር ያች ነበረች፤ በ2017 ተዘጋች። ቴክሳስ ግን አሁንም የተሻለ ሕግ አላት። የግዛቲቱ ነዋሪ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ኮርሶቹ ጥሩዎቹም መጥፎዎቹም እንዳልነበሩ ሆነው እንደ አዲስ መጀመር ይችላል፤ የቴክሳስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻም ይህን ያከብራል። ቴክሳስ ይህን በማድረጓ ሕክምናዋ አልተበላሸም። የወንጀል ክስ እንኳ በይርጋ በሚታገድበት አገር የኬሚስትሪ ሲ ዕድሜ ልክ የሚከተለው ለምንድን ነው?

«ሕክምና የሰው ሕይወት ነው፤ ለደካማ ተማሪ አይሰጥም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመልሱን ግማሽ እቀበላለሁ። ፊዚዮሎጂ የማይገባው ሰው በሽተኛ ሊያክም አይገባም፤ የቀድሞ ውጤትም በሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመታት ማን ሊቸገር እንደሚችል በመጠኑ ይጠቁማል። ነገር ግን «ብቁ ነው ወይ» እና «ከብቁዎቹ ማን ይበልጣል» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የቅርብ ጊዜ የሳይንስ ውጤትና ኤምካት በቂ መልስ ይሰጣሉ። ለሁለተኛው የምንሰጠው መልስ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ደግሞ ሂዩስተን ላይ የተደረገውን ማየት ይበቃል።

በ1979 የቴክሳስ ምክር ቤት በሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ቅበላውን ከ150 ወደ 200 እንዲያሳድግ አዘዘ። ትእዛዙ የመጣው ዘግይቶ፣ ምርጫው ካለቀ በኋላ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የቀረው አማራጭ ቀደም ሲል ካልተቀበላቸው መካከል 50 ሰዎች መጥራት ብቻ ሆነ። አብዛኞቹን ሌላም ትምህርት ቤት አልፈለጋቸውም ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪው ዲቮልና ባልደረቦቹ ሁለቱን ቡድኖች አነጻጽረው በ1987 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። በመደበኛው ትምህርት፣ በሆስፒታል ልምምድ፣ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ሥልጠና በተመረጡትና በተጣሉት መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። እርግጥ ነው ጥናቱ አጥብቆ የመታው የኮሚቴውን ቃለ መጠይቅ ነው፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ከኮሚቴው ምርጫ እንጂ ከውጤት የመጣ አልነበረም። ስለ ውጤት ብቻ የተጻፈ አስመስዬ ላቀርበው አልፈልግም። ለእኛ የሚበቃን ግን ግልጽ ነው፦ «አልተቀበልንህም» ማለት «ሐኪም አትሆንም» ማለት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ባልፈለጋቸው ሰዎች ይህ ተረጋግጧል።

ዕድሜስ? በ35 ዓመቱ የሚገባ ሰው በ39 ይመረቃል። ከምረቃ በኋላ ያለው የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና (ሬዚደንሲ) ሦስት ዓመት ነው፤ በ42 ዓመቱ ሙሉ ሐኪም ይሆናል። እስከ 67 ዓመቱ ቢሠራ 25 ዓመት አለው። ሌላ ሙያ ይዞ መምጣትም እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት የተዘረጋው በሳይንስ ዲግሪ ለያዙ ሰዎች ነበር። አገር ቤት የታመነበትን ነገር እዚህ ስንደርስ የምናፍርበት ምክንያት አይገባኝም።

ይህን ስል ማንንም በባዶ ተስፋ መላክ አልሻም። ውጤት አይቆጠርም የሚል ሰው ይዋሻል፤ ዛሬ ይቆጠራል፤ ቁጣዬም ከዚያ ነው። በተስፋ የሚነግዱም አሉ። በካሪቢያን ደሴቶች ከሚገኙ ለትርፍ ከሚሠሩ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ዝቅተኛ ውጤት ያለውን በደስታ ይቀበላሉ፤ ብዙ ተማሪ በመንገድ ይቀራል፣ ዕዳው ግን አይቀርም። በ2024 የሬዚደንሲ ድልድል የአሜሪካ ኤም.ዲ. ተመራቂዎች 93 በመቶ ያህል፣ የዲ.ኦ. ተመራቂዎች 92 በመቶ ያህል ቦታ ሲያገኙ፣ ውጭ ተምረው ከተመለሱ አሜሪካውያን ያገኙት 67 በመቶ ናቸው። ዲ.ኦ. ከኤም.ዲ. እኩል በሁሉም ግዛቶች የሐኪምነት ፈቃድ የሚያስገኝ ዲግሪ መሆኑን የማያውቅ ወገናችን ብዙ ነው፤ «እሱ እኮ ዶክተር አይደለም» የሚለውን ወሬ አምኖ ወደ ደሴቶቹ የሚሄደውን ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ የአመልካቹ ብቻ አይደለም፤ የበሽተኞቻችንም ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች በቋንቋቸው አገልግሎት ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም አስተርጓሚ በስልክ ይዞ ስለ ሽንት መቸገር ወይም ስለ ልጅ ሞት መናገር ምን እንደሚመስል ሽማግሌዎቻችንን ጠይቁ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ፣ የጾማቸውን ወቅት የሚያውቅ፣ መድኃኒቱን ጠበል ሲገቡ እንዳያቋርጡ አክብሮ የሚነግራቸው ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለው ሐኪም ሊገኝ ከሚችልባቸው ሰዎች አንዱ ያ ሌሊት ሲሠራ ሲ ያመጣው ሰው ነው። እኛም ቡና ላይ «ተው» የምንለው እሱን ነው።

በአሜሪካ ያላችሁ የሐበሻ ሐኪሞች፣ ክሊኒካችሁን ክፈቱላቸው፤ አብረዋችሁ ውለው ሥራውን ይዩ፣ ያያችሁትንም በደብዳቤ መስክሩላቸው። በመግቢያ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ ካላችሁ፣ የመጨረሻዎቹ 60 ክሬዲቶች ለብቻቸው ይታዩ ብላችሁ ተከራከሩ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በመጪው ሴሚስተር የሚመዘገብ ዘመድ ካላችሁ ከመመዝገቡ በፊት አስቀምጣችሁ ንገሩት፦ እያንዳንዱ ኮርስ ለዘላለም ይቆጠራል፤ ሥራ ከበዛብህ ሁለት ኮርስ ብቻ ያዝ፤ ኮርሱ እየከበደህ ከሄደ ቀኑ ሳያልፍ አቋርጠህ በደብልዩ ውጣ፤ ደብልዩ በአማካዩ ውስጥ አይገባም፣ ኤፍ ግን ይገባል።