ደሞዝ የሌለው ኬላ ጠባቂ

ከአዋሽ ተነስቶ በአሰቦትና በሚኤሶ አድርጎ ወደ ጭሮ ለሚመላለስ ነጋዴ ኬላ ምን እንደሆነ መንገር "ለቀባሪው አረዱት" ይሆናል። ገመዱ ይወጠራል፣ መኪናው ይቆማል፣ መሸኛው ይነበባል፣ ጭነቱ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ወይ ገመዱ ይወርዳል፣ ወይ መኪናው ወደ ዳር ይወጣል። ጫት ለጫነ ሰው ደግሞ እዚያ የምትባክን እያንዳንዷ ሰዓት ገንዘብ ናት፤ ጠዋት የተቆረጠ ጫት ማታ ሌላ ዕቃ ነውና።

ዛሬ ግን ከጭነቱ ጎን ለጎን ገንዘቡም መንገደኛ ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም የስልክ መተግበሪያቸውን ካስፋፉ ወዲህ የገለምሶው ደላላ ለሂርናው ገበሬ፣ የጭሮው አቅራቢም ለበዴሳው ቡና ሰብሳቢ በጣቱ ነክቶ መክፈል ችሏል። ይህ ገንዘብ በሚጓዝበት መንገድ ላይም ኬላ አለ። ለመሆኑ በዚያ ኬላ ላይ የቆመውን ፈታሽ ማን ቀጠረው? ደሞዙንስ ማን ይከፍለዋል? ብዙውን ጊዜ መልሱ "ከእኛ ወገን ማንም" የሚል ነው። የዚህ ጽሁፍ ጭብጥም ይኸው ነው።

ኬላው እንዴት ይሠራል?

በስልክ መተግበሪያ ወይም በኢንተርኔት ገጽ "ሂሳቤን አሳየኝ" ወይም "ይህን ያህል ብር ላክልኝ" ስንል ትእዛዙ ኤችቲቲፒ በተባለው የመልእክት ሥርዓት ተጽፎ ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተር ይሄዳል። በሩ ላይ የሚቀበለው ፕሮግራም ዌብ ሰርቨር ይባላል። የሰርቨሩ የመጀመሪያ ሥራ የመጣለትን ጽሁፍ ፊደል በፊደል አንብቦ መረዳት ነው። ይህን የሚሠራውን ክፍል ባለሙያዎች ፓርሰር ይሉታል፤ እኛ ፈታሽ እንበለው።

ፈታሹ በመጀመሪያው መስመር ላይ ምን እንደተጠየቀ ያነባል። ቀጥለው ያሉት መስመሮች መሸኛውን ይመስላሉ፤ ጥያቄው ለማን እንደተላከ፣ ምን ዓይነት ጭነት እንደያዘ፣ ጭነቱ ምን ያህል እንደሚመዝን ይናገራሉ። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ይመጣል። ከባዶው መስመር በኋላ ያለው ጭነቱ ራሱ ነው።

ክብደቱ የሚጻፍበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው "ጠቅላላ ጭነቱ ይህን ያህል ባይት ነው" ይላል። ሁለተኛው ደግሞ "ጭነቱ በጆንያ በጆንያ ይመጣል፣ በየጆንያው ላይ የራሱ ክብደት ተጽፏል፣ ዜሮ የተጻፈበት ሲደርስ አልቋል" ይላል። ተንኮሉ የሚመጣው አንድ ላኪ ሁለቱንም ጽፎ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው።

ትልልቅ ተቋማት ብዙውን ጊዜ አንድ ኬላ ብቻ የላቸውም። ፊት ለፊት አንድ ሰርቨር ይቆማል፣ ከኋላው ሌላ ይኖራል፣ የብዙ ደንበኞች ጥያቄ በአንድ መስመር ተሰልፎ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይተላለፋል። ፊተኛው ጠቅላላ ክብደቱን አይቶ አሳለፈ እንበል። ኋለኛው ደግሞ ጆንያ ቆጥሮ፣ ዜሮ የተጻፈበት ሲደርስ "ይህ መኪና አለቀ" አለ። የተረፈውስ ጭነት? ኋለኛው ፈታሽ የሚቀጥለው መኪና መጀመሪያ አድርጎ ይይዘዋል። የአንዱ ዕቃ በሌላው ስም ተመዝግቦ አለፈ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ክፉ አሳቢ ሰው ትእዛዙን ከማያውቀው ደንበኛ ጥያቄ ፊት መለጠፍ፣ አንዳንዴም የዚያን ደንበኛ መግቢያ ቁልፍ መስረቅ ይችላል።

ባለሙያዎቹ ለዚህ ጥቃት ያወጡለት ስም ለሀረርጌ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ኮንትሮባንድ ነው ያሉት። ዋችፋየር የተባለ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ አደረጉት፣ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጄምስ ኬትል የተባለ ተመራማሪ እንደገና አነሳውና በዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ላይ ጭምር እንደሚሠራ አሳየ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀዳዳው እዚያው ነበር ማለት ነው።

የለጋስ ፈታሽ ጣጣ

ይህ ሁሉ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ወዲህ ነው። የኢንተርኔት ሥርዓት ሲዘረጋ ጆን ፖስቴል የተባለው ታዋቂ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ምክር ጽፎ ነበር። ምክሩ ባጭሩ ስትልክ ተጠንቀቅ፣ ስትቀበል ግን ለጋስ ሁን የሚል ነው። ለጀማሪ ገበያ ጥሩ ምክር ነበር። ወረቀቱ ትንሽ የተጨማደደበትን ሁሉ የሚመልስ ኬላ ቢኖር ኖሮ ኢንተርኔት የሚባለው ገበያ ባልቆመ ነበር። ገበያው ሲደራ ግን ለጋስነቱ መዘዝ አመጣ። አንዱ ፈታሽ የተጣመመውን ጽሁፍ በአንድ መንገድ ሲያቃናው ሌላው በሌላ መንገድ አቃናው። ኮንትሮባንዱ የሚያልፈው በዚያ ልዩነት መሀል ነው።

በመሆኑም የጥገናው አቅጣጫ ከለጋስነት ወደ ጥብቅነት ዞሯል። አፓቼ የተባለው ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1995 የተወለደው ባለቤቱ ትቶት የሄደን አንድ ሰርቨር በየፊናቸው ሲጠግኑ የነበሩ ሰዎች ጥገናቸውን አንድ ላይ ሲያዋጡ ነው። ይኸው ሰርቨር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በወጣው እትሙ ጥብቅ አነባበብን መደበኛ አደረገ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የታደሰው የኤችቲቲፒ ደንብም ሁለቱንም የክብደት ዓይነት የያዘ ጥያቄ በጥርጣሬ እንዲታይ፣ ሰርቨሩም ሊመልሰው እንደሚችል ይናገራል።

ጥብቅነት ያለ ዋጋ አይመጣም። በየመሥሪያ ቤቱ ከዓመታት በፊት በእጅ የተጻፉ፣ ደንቡን በትክክል የማይከተሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሰርቨሩ ሲጠብቅ እነሱ ይቆማሉ። ሥራ አስኪያጁም "ትናንት ይሠራ የነበረውን ማን ነካው?" ብሎ ይቆጣል፣ ባለሙያውም ተጨንቆ ወደ አሮጌው እትም ይመለሳል። ለዚህ ነው ጥገና የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደርም ጉዳይ የሚሆነው።

የተጠገነ ግን ያልተሰማ

ከሁሉ የሚያስተምረን የላይቲ ታሪክ ነው። ላይቲ (ሙሉ ስሙ ላይትቲፒዲ) ቀላልና ፈጣን የሆነ ኦፕን ሶርስ ሰርቨር ነው፤ ማንም ኮዱን አንብቦ፣ ገልብጦ፣ አሻሽሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ትልልቅ አምራቾች በሰርቨር ማሽኖቻቸው ውስጥ፣ ማሽኑን ከርቀት ለመቆጣጠር በሚያገለግለው ክፍል ላይ ገጠሙት። የላይቲ ፈታሽ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። በሁለት መስመር ተቆርጦ የተጻፈን የመሸኛ ቃል ሲያነብ ከተፈቀደለት ቦታ አልፎ ማንበብ ይችል ነበር። ጠባቂዎቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠገኑት። ይሁንና ጥገናው የደህንነት ጉዳይ መሆኑን የሚያሳውቅ መለያ ቁጥር አልወጣለትም። ዕቃ አምራቾቹም ሳያስተውሉት ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባይናርሊ የተባለ ድርጅት ሲፈትሽ ያ ጉድለት በኢንቴልና በሌኖቮ ማሽኖች ውስጥ እንዳለ ተገኘ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው። የአምራቾቹ መልስ እነዚያ ማሽኖች የድጋፍ ዘመናቸው ስላበቃ አይጠገኑም የሚል ነበር። ሁለተኛ እጅ ሰርቨር በርካሽ ገዛሁ ብሎ የሚደሰት ኢንቨስተር ይህቺን ነገር ልብ ይበል። የገዛው ማሽኑን ብቻ አይደለም፣ ያልተጠገነውንም ኬላ አብሮ ገዝቷል።

ነጻ ሲባል ያለ ወጪ አይደለም

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የጋራ የሆነ መንገድ ሁሉም ይሄድበታል፣ ለጥገናው ግን እያንዳንዱ ሌላው እንዲያዋጣ ይጠብቃል። ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። የኢንተርኔት ግብይትን ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕን ኤስኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2014 "ሃርትብሊድ" በተባለው ጉድለት ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ ድርጅቱ በዓመት የሚያገኘው እርዳታ 2 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበረ ተሰማ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብ ለማዋጣት የተሯሯጡት ከዚያ በኋላ ነው። ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሏል ይሄ ነው።

"ታዲያ ሀብታም ኩባንያ ገዝቶ ያስተዳድረው" የሚል ይኖራል። እሱም ተሞክሯል። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣውን ኤንጂንኤክስ የተባለ ሰርቨር፣ ኤፍ ፋይቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በ670 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከዋነኞቹ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ማክሲም ዱኒን የኩባንያው አስተዳደር በደህንነት ጉዳይ አሠራር ጣልቃ ገባ ብሎ የራሱን ቅጂ ይዞ ተለየ። ገንዘብ ኮዱን ሊገዛ ይችላል፣ የጠባቂውን ልብ ግን ላይገዛ ይችላል። የሚያዋጣው ተጠቃሚው ራሱ በጠባቂነቱ ሲሳተፍ ነው።

ለእኛስ ምን ይበጃል?

ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው ብሎ የሚተው አንባቢ አይጥፋ እንጂ ነገሩ ደጃችን ነው። ሁላችንም የምንመዘገብበት የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው በህንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ መድረክ ላይ ነው። መድረኩ ሲጠገን እኛም እንጠገናለን፣ ችላ ሲባልም አብረን ችላ እንባላለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውንም ሁላችንም እናስታውሳለን። በአንድ ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ፣ ተዘዋወረ። ያ የፈታሽ ጉድለት አልነበረም፣ ባንኩም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጿል። ነገር ግን በሶፍትዌር ላይ የሚፈጠር አንድ ስህተት ሌሊቱ ሳይነጋ ስንት ብር ሊያወጣ እንደሚችል ለሁላችንም አሳይቶናል።

የተለመደው ሰበብ የውጭ ምንዛሪ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የሚከፈልበት ነገር ሁሉ ለባለ ብሩ ከብዷል። እውነት ነው። ግን የኦፕን ሶርስ ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ነው። መዋጮው በዶላር ብቻ አይደለም፣ በሥራም ይቀበላል። በብር ደሞዝ የሚከፈለው አንድ የኛ ባለሙያ ጉድለት አግኝቶ ሪፖርት ቢያደርግ ወይም ጥገና ጽፎ ቢልክ፣ ያለ ኤል ሲ፣ ያለ ባንክ ወረፋ የዓለም ዕቃ አምርቷል ማለት ነው።

ይህን ሥራ ከአዲስ አበባ ውጭ መሥራትም ይቻላል። ጭሮ ላይ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለን። ፈታሽን መፈተኛ አንዱ መንገድ ሆን ብሎ የተበላሹ ጥያቄዎችን በሺህ እየፈበረኩ መላክና የሚወድቅበትን ነጥብ መመዝገብ ነው። ለዚህ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ኮዱ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ተመራቂው ተማሪ በመደርደሪያ አቧራ የሚጠጣ ጽሁፍ ከሚያስጠርዝ ይህን ቢሠራ ስሙ የዓለም ባለሙያዎች በሚያነቡት መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይህን ነው። ብሔራዊ ባንክ ለዲጂታል ክፍያ ፈቃድ ሲሰጥ ድርጅቱ የሚጠቀምባቸውን የኦፕን ሶርስ ክፍሎች ከነእትማቸው ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ይጠይቅ። የሌለህ መዝገብ ላይ ጥገና አይደረግም። ባንኮችና የክፍያ ድርጅቶች ለማስታወቂያ ከሚያፈሱት ላይ ቀንሰው ቢያንስ አንድ አንድ ባለሙያ ለዚህ የጋራ ጥገና ይመድቡ፣ ከዩኒቨርሲቲዎችም ጋር ይዋዋሉ። የቦርድ አባላት በየሩብ ዓመቱ ትርፍ ብቻ ሳይሆን "የበሩ ሰርቨር መቼ ታደሰ?" ብለው ይጠይቁ።

የሜቻራውና የበዴሳው ነጋዴስ? እሱም ባለ መብት ነው። ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ባንክ ቅርንጫፍ ሲሄድ የወለዱን መጠን ብቻ ከመጠየቅ፣ "ሲስተም የለም" ሲባል ዝም ብሎ ከመመለስ፣ ሲስተሙን ማን እንደሚጠብቀው ይጠይቅ። ሥራ አስኪያጁ መልስ ላይኖረው ይችላል። ግን አሥር ነጋዴ አንድ ጥያቄ ከጠየቀ ጥያቄው ዋና መሥሪያ ቤት ይደርሳል።

ነጋዴው ለጭነቱ ረዳት ይቀጥራል፣ ለመጋዘኑ ዘበኛ ያቆማል፣ ለሁለቱም ይከፍላል። ገንዘቡ የሚያልፍበትን ኬላ ግን ሌላ አገር ያሉ፣ አብዛኞቹ ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈች ሰዓት ለሚሠሩ ሰዎች ትቶታል። እነሱ ሲደክማቸው ማን ይተካቸዋል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ኮንትሮባንዱ ከማለፉ በፊት ይታሰብበት።