እንጉዳይ ለኮርኒስ ቢሆንስ?

እንደሚታወቀው ሁሉ ከኮሶዬ ደጋ ለመጣን ዕጩ መምህራን ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል እንግዳ አይደለም። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ምን ያድርግ? ጠዋት ደግሞ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ነገ እኛም የምንቆመው እዚያው ነው። ስለ እንጉዳይ መጻፋችንም ለዚሁ ነው።

የምንበላው ጃንጥላ መሳዩ ክፍል ፍሬው ሲሆን ዋናው አካል ግን ማይሲሊየም የሚባለው ነጭ ክር ነው። ሰጋቱራ ወይም ገለባ ይረጥብና ሌላ ሻጋታ እንዳይቀድም በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ሲበርድ የእንጉዳይ ዘር ተደባልቆበት በቅርጽ ማውጫ ይጠቀጠቃል። ክሩ በቀናት ውስጥ ፍርፋሪውን ሁሉ አስተሳስሮ አንድ አካል ያደርገዋል። ከዚያ በሙቀት ሲደርቅ እንጉዳዩ ይሞታል፣ ሰሌዳው ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ኢኮቬቲቭ የተባለ ኩባንያ በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ነጭ ፎም ፋንታ ይህንኑ እያበቀለ ለገበያ አቅርቧል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሳይንሳዊ ዲሬክተር የነበሩት ዲርክ ሄብልም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በሴኡል «ማይኮትሪ» የተባለውን ከእንጉዳይ ክርና ከቀርከሃ የተሠራ ዛፍ መሳይ ምሰሶ አቁመዋል።

ታዲያ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቤት እንሥራበት!» ይላሉ። አይሆንም። የሴኡሉ ምሰሶ የቆመው ክብደቱ በመጫን ብቻ እንዲወርድ ቅርጹ በጥንቃቄ ስለተቀየሰ እንጂ ነገሩ በራሱ ብርቱ ሆኖ አይደለም። ውሃም ይጠጣል፤ ለኮሶዬ ጉምና ዝናብ የአባቶቻችን ጭቃና ጭድ ይሻላል። ለኮርኒስ ግን ሌላ ነው፦ ቀላል ነው፣ አየር በውስጡ ስለሚይዝ ሙቀት ያቆያል፣ ድምፅም ይውጣል።

የገብሱን ጭድ አትንኩት! እሱ የበሬ ቀለብ ነው፤ ከበሬ አፍ ነጥቀን ኮርኒስ አንሠራም። ጎንደር እንጨት መሰንጠቂያዎች ዘንድ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ መች ጠፋ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ በባዮሎጂ ክፍል ሞቅ ያለ አንድ ጥግ፣ አንድ ትልቅ ድስት፣ ከእንጉዳይ አብቃዮች የሚገዛ ጥቂት ዘር። አንዳንዱ አረንጓዴ ሻጋታ ይዞት እንደሚበላሽ እናውቃለን፤ እሱም እኮ ለፈንገስ ትምህርት ከሥዕል የተሻለ ማሳያ ነው። ዝናቡ ሳይገባ ጥቂት ሰሌዳ አብቅለን በአንድ ክፍል ቆርቆሮ ሥር ብንሰቅልና ያለ ኮርኒስ ካለው ጎረቤት ክፍል ጋር ብናስተያየውስ? መምህራኖቻችን ምን ይላሉ? መልሱን እዚሁ ግድግዳ ላይ እንጠብቃለን።