አንበሳው ማንን አይቶ ተቈጣ?

በመኖሪያ ክፍሌ ግድግዳ ላይ አንድ የአንበሳ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይኖራል። አንበሳው ጥርሱን ገልጦ፣ ዐይኑን አፍጥጦ ወደ ተመልካቹ ያያል። ሊጠይቀኝ የመጣ እንግዳ ሁሉ «እጅህ ይባረክ!» ሳይለኝ አይወጣም ነበር። ባለፈው ሰሞን ስለ አራዊት ሳስተምር ለትምህርቱ ይረዳል ብዬ ፎቶግራፉን ወደ ክፍል ወስጄ አሳየሁ። ተማሪዎቹ ተቀባበሉት፤ አደነቁት። ከኋላ ከተቀመጡት አንዲቱ ግን ብዙ ጊዜ ትኵር ብላ አየችውና፣ «መምህር፣ አንበሳው ማንን አይቶ ነው እንዲህ የተቈጣው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

ውድ አንባቢ፣ ለተማሪዬ ያልሰጠኋትን መልስ በዚህ ዓምድ ልስጥ፤ አንበሳው የተቈጣው እኔን አይቶ ነው። የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄድን። የያዝሁት ካሜራ የትውስት ስለ ነበረ ማታውኑ መመለስ ነበረብኝ። አንበሳው ግን ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል። ብናፏጭ፣ ብናጨበጭብ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። በመጨረሻ ሰው አለማየቱን አረጋግጬ ጠጠር ወረወርሁ። ጠጠሩ ከብረቱ ላይ ነጥሮ ጐኑን ነካው፤ አንበሳውም ዘሎ ተነሣና አገሣ፤ እኔም አነሣሁት። ፎቶግራፉ አማረ፤ ካሜራውም በሰዓቱ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ቢኖር አንበሳ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተኝቶ ወይም ተጋድሞ የሚውል አውሬ መሆኑን ነው። እንግዲህ በቀትር ተኝቶ ማግኘታችን የእርሱ ስንፍና ሳይሆን የእኛ ያለ ሰዓት መምጣት ነበር። አንበሳ ሲንጐራደድ፣ ሲያዛጋ፣ ሲንጠራራ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ጧት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ ሲለዝብ መሄድ አለበት። መኖ የሚሰጥበትን ሰዓት ከጠባቂዎቹ ጠይቆ መረዳትም ከጠጠር ሁሉ ይበልጣል።

ደግሞም ያ አንበሳ ተራ አንበሳ አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የስድስት ኪሎው ግቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1948 የተከፈተ ሲሆን፣ የአንበሶቹ ጋማ ጥቁር፣ ከአንገትም አልፎ ደረትንና ሆድን የሚያለብስ ነው። በ2012 የእንግሊዝና የጀርመን ሊቃውንት ከ15ቱ አንበሶች በተወሰደ ናሙና መርምረው፣ ዘራቸው በጊዜው ከተነጻጸሩት ከሌሎቹ አንበሶች የተለየ መሆኑን አስታወቁ። ጠጠር የወረወርሁት በዚህ ዐይነቱ ፍጥረት ላይ ነበር።

ይህ ጥቁር ጋማ ለፎቶግራፍ አንሺ የራሱ ችግር አለው። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ «ጨልሟል» ሲል ይፈርዳልና ብርሃን ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት ጋማው አመድ መስሎ፣ ፊቱም ነጥቶ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልክ የምታነሣ እንደ ሆነ የፊቱን ብርሃን ያረፈበትን ክፍል በጣትህ ነካ አድርገህ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ አድርግ፤ ጋማው ጥቁርነቱን አይለቅም።

ሁለተኛው ችግር አጥሩ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ በፎቶግራፍ ላይ ግን አንድ የሽቦ ዘንግ ብቻውን አንበሳውን አስሮ ያስቀራል። በተከለከለው መሥመር አልፎ መቅረብ ፈጽሞ አይገባም፤ በተፈቀደበት ስፍራ ግን ሌንሱን ወደ ሽቦው በጣም አስጠግተህ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍተህ፣ ጥራቱን በእንስሳው ዐይን ላይ ብታደርገው ሽቦው ደብዝዞ ይጠፋል። በተለይ እንስሳው ከሽቦው ራቅ ብሎ የቆመ፣ ሽቦውም ጥላ ውስጥ ያለ እንደ ሆነ ይበልጥ ይሳካል። በመስተዋት በኩል ስታነሣ ደግሞ ሌንሱን ከመስተዋቱ ጋር አጣብቀው፤ ፍላሽ የተባለውንም ብልጭታ አጥፋው፤ በመስተዋቱ ላይ ነጸብራቅ ከመፍጠርና እንስሳውን ከማስደንገጥ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ከዚህም ሌላ ቁመትህን ከእንስሳው ዐይን ጋር ለማስተካከል በርከክ ብትል፣ ከላይ ሆነህ ከምታነሣው እጅግ የተሻለ ሥዕል ታገኛለህ።

ከግቢ ወጥቶ ወደ ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው አጥሩን ይገላገላል፤ ትዕግሥቱን ግን እጥፍ አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። በአዋሽ ፓርክ በኢላላ ሳላ ሜዳ ሳላዎችን ለማንሣት የሚሻል መሸሸጊያ መኪናው ራሱ ነው። እንስሳት ከቆመ መኪና ይልቅ በሁለት እግሩ የሚሄደውን ሰው ይፈራሉና ከመኪናው አትውረድ። ሞተሩን አጥፋ፤ ንዝረቱ ሥዕሉን ያበላሻልና። ባቄላ ወይም አተር የተሞላ ትንሽ ከረጢት በመስኮቱ ላይ አኑረህ ካሜራውን ብታስደግፍበት እጅህ አይንቀጠቀጥም።

ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣህ እንደ ሆነ ደግሞ ጭላዳ ይጠብቅሃል። ይህ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የማይገኝ እንስሳ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ጧት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያም ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ሲበላ ይውላል። ሰው ባይሮጥበት አይሸሽም። ስለዚህ ከርቀት ተቀመጥ፤ ዝም በል፤ ምግብ አትስጥ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፣ መንጋው ራሱ ሣሩን እየተከተለ ወዳንተ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ወንዱ ጭላዳ አንዳንድ ጊዜ የላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ያሳያል። ብዙ ጐብኚዎች ይህን አንሥተው «ሲስቅ ያነሣሁት ጭላዳ» እያሉ ለወዳጆቻቸው ያሳያሉ። ነገር ግን ሳቅ አይደለም፤ የፍርሃትና የጭንቀት ምልክት ነው። ምናልባትም በገዛ ዘመዶቹ መካከል በተነሣ ጠብ ያደረገው ይሆናል፤ ወደ ካሜራው እያየ ያደረገው እንደ ሆነ ግን መልእክቱ «ዞር በልልኝ» ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚገባው አንድ ሥዕል መጨመር ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው።

በባሌ ተራሮች ፓርክ በሳነቴ አምባ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ በቀን ብርሃን ሲያድን ይታያል። በሕይወት ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው ከ500 ያነሱ እንደ ሆኑ ይገመታል። ቀበሮው የፍልፈል ጉድጓድ ባገኘ ጊዜ ሆዱን ወደ ምድር ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። አንድ ሰው ሥዕል ለማግኘት ቢሮጥበት፣ ወይም መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ቢከተለው ፍልፈሉ ይሰማና ይገባል፤ ቀበሮውም ምሳውን ያጣል። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ዋጋው የተከፈለው ከፎቶግራፍ አንሺው ኪስ ሳይሆን ከቀበሮው ሆድ ነው። እንደ ቀበሮው ዝቅ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚጠብቅ ሰው ግን ቀበሮው ፍልፈሉን ይዞ ሲነሣ ሊያነሣው ይችላል።

«እኛ የወር ደመወዝተኞች ያን የሚያህል ረጅም ሌንስ ከየት እናመጣለን?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም የለኝም። በስልክ የሚያነሣ ሰው በርቀት ያለውን እንስሳ በግድ ለማጕላት አይድከም፤ ሥዕሉ ይበጣጠሳል። ይልቅ እንስሳውን ከነአገሩ ያንሣው፤ ጭላዳውን ከገደሉ ጋር፣ ሳላውን ከሜዳው ጋር፣ ቀበሮውን ከጉሙ ጋር። ትንሽ ሆኖ የሚታየው እንስሳ በሰፊ አገሩ ውስጥ ያለ መሆኑን የሚያሳይ ሥዕል የፊቱን ብቻ ከሚያሳየው የበለጠ ይናገራል። ከገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለባለ ጸጋውም ለጸሐፊውም በቀን 24 ሰዓት ብቻ ነው።

ከዚያች ተማሪ ጥያቄ በኋላ ፎቶግራፉን ከግድግዳዬ ላወርደው አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተውሁት። ከጐኑ ሌላ ሥዕል ሰቀልሁበት። አንድ ጧት ከአንበሳ ፊት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ያነሣሁት ነው፤ አንበሳው ተኝቷል፤ አንደኛው መዳፉ ከአገጩ ሥር ነው፤ አንዱን ዐይኑን ብቻ ገለጥ አድርጎ አይቶኝ መልሶ ሊከድነው ሲል ነው የያዝሁት። እንግዶቼ አሁንም የሚያደንቁት የሚያገሣውን ነው። እኔም «ማንን አይቶ ተቈጣ?» ብለው እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ። የጠየቀኝ ሰው ቢኖር መልሱን አልደብቀውም።