የአበሻ ጽድ ምን አጠፋ?

በገዛ አገሩ «የአበሻ» የሚል ቅጽል የተለጠፈበት ዛፍ ቢኖር ጽድ ነው። ለምን ቢሉ፣ ከወደ ሜክሲኮ የመጣው «የፈረንጅ ጽድ» ስሙን ስለተሻማው። ስሙን መሻማቱስ ባልከፋ፤ ግቢውንም ቀማው እንጂ!

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙው አዲስ ቤት ሠሪ ወይራውን ቆርጦ፣ ቀጋውን መንጥሮ፣ አጥሩን በፈረንጅ ጽድ፣ በሩን በደቡብ አሜሪካ ቡጌንቪሊያ ያስጌጣል። ከሰበታ በላይ ያለው የወጨጫ ተራራ ምን ይበል? የመናገሻ ሱባ ደን፣ እንደሚነገረው፣ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጽድ ዘር የለማ ነው። ንጉሥ ዘሩን ከሩቅ ያስመጣለትን ዛፍ እኛ ደጃችን ላይ ናቅነው።

«የአገር ዛፍ ይዘገያል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ጽድና ወይራ አይቸኩሉም። በአጼ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ የገባው አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ስለነበር ነው። ጥላና ውበት ፈላጊውን ግን ምን አስቸኮለው? ከቸኮለም ግራዋ አለለት። አጥር ከፈለገ ቀጋ የራሳችን ጽጌረዳ ነው፤ እሾሁ ሌባ ይመልሳል፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል። የሱሉልታ ብርድ ደግሞ ለኮሶና ለባለቢጫ አበባው አምጃ የተመቸ ነው።

«ችግኙ የለም» ማለትም አያዋጣም። ችግኝ ሻጭ የሚያፈላው የሚጠየቀውን ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ክረምት ሳይገባ ሄደው ጽድ ይጠይቁ። «የትኛውን?» ቢልዎ፣ «የመናገሻውን» ይበሉት።