መርከቡን የቀዘፈው ማን ነው?

ይህቺን ጽሑፍ በኑዛዜ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አዱሊስ ረዘም ያለ ግጥም ጽፌ ነበር። ወርቁ አለ፤ የዝሆን ጥርሱ አለ፤ ንጉሡም በግርማ ቆሟል። በቅርቡ ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነበው ግን አፈርኩ። በዚያ ሁሉ ስንኝ ውስጥ አንድም መርከበኛ የለም። መርከቦቼ ቀዛፊም ሸራ ዘርጊም ሳይኖራቸው በገዛ ራሳቸው ይሄዳሉ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን አብዛኞቹ የታሪክ መጻሕፍቶቻችንና የግጥም መድበሎቻችን ባሕርን የሚያውቁት በዚሁ መንገድ ነው። አዱሊስ ለእኛ «ታላቅ ወደብ» የምትባል ሁለት ቃል ናት። ባል አይሄድባትም፤ ሚስት አትጠብቅባትም፤ ልጅ ያለ አባት አያድግባትም። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ።

«ማስረጃ ስለሌለ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ያለውን እንይ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ ሰው በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ፣ ፔሪፕለስ የሚባለው፣ ስለ አዱሊስ የዝሆን ጥርስ ብቻ አያወራም። መርከቦች ቀድሞ ለየብስ በቀረበች ደሴት ይቆሙ እንደ ነበር፣ የአካባቢው ሰዎች በእግር ተሻግረው ስላጠቋቸው ራቅ ወዳለች ደሴት እንደ ተዛወሩ ይነግረናል። ይህ የንጉሥ ታሪክ ነውን? መልሕቅ ጥሎ፣ ጆሮውን ወደ የብስ አቅንቶ የሚያድር ሰው ታሪክ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ፕሮኮፒየስ በዚህ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ እንደሚታሰሩ ጽፏል። ገመዱን የገመደ እጅ የማን ነበር? ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ዐፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ወደ ሒምያር በዘመቱ ጊዜ የተሰበሰቡትን መርከቦች በግሪክኛ የተጻፈው የቅዱስ አሬታስ ገድል ይዘረዝራቸዋል። ከአይላ 15፣ ከክሊስማ 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፋራሳን 7፣ ከሕንድ 9። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ደመርኩት፤ 60 ይመጣል። ሒሳቡ ይዘጋል። በየመርከቡ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን በየትኛውም መዝገብ አልገቡም። ጸሐፊው ሳንቃውን ቆጠረ፤ እኛም ከ1,500 ዓመት በኋላ ያንኑ ሳንቃ ይዘን እንፎክራለን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የፍሬምናጦስ ታሪክ ነው። ሩፊኖስ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁ ብሎ እንደ ጻፈው፣ የጢሮሱ ሜሮፒዮስ ሁለቱን ልጆች ይዞ ከሕንድ ሲመለስ መርከቡ ውኃ ለመቅዳት ወደ አንድ ወደብ ጎራ አለ። የአገሩ ሰዎች በመርከቡ ላይ የነበሩትን ሁሉ ፈጁ። ከእልቂቱ የተረፉት ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው። ታላቁ አባት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወደ አክሱም የመጡት በዚህ መንገድ ነው። እኛም ትረካውን ከልጆቹ ጀምረን ወደ ቤተ መንግሥት እንሮጣለን። የታረዱት መርከበኞች ከግማሽ ዐረፍተ ነገር በላይ አልተሰጣቸውም።

የቅዱሱን ክብር የምቀንስ የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። የምለው ሌላ ነው። ኤዴስዮስ ከብዙ ዓመት በኋላ ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተመልሷል። ጢሮስ የመርከበኞች ከተማ ናት። አብረውት ከወጡት መካከል የዚያው ከተማ ሰዎች ከነበሩ፣ መመለሱን የሰሙ እናቶችና ሚስቶች ወደ ደጁ ሳይመጡ ቀርተው ይሆን? እርሱስ ምን ብሎ መለሰላቸው? ሩፊኖስ አልጻፈውም። ታዲያ ገጣሚ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ አይደለምን?

ዛሬ አዱሊስ በኤርትራ ምድር፣ ከዙላ መንደር አጠገብ ፍርስራሽ ናት። ከእርሷ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ የወንዶችም የሴቶችም ስም አለባቸው። የባሕር ዳር ሰው ስሙን በድንጋይ ላይ ትቶልናል። ስለ ባሕር በር ሲነሣ ድምፃችን ከፍ የሚለው እኛ ግን ከእነዚያ ስሞች አንዱን እንኳ አናውቅም። የሰዎቹን ስም ሳያውቁ ባሕሩን «የእኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

በምሠራበት መስኮት በየወሩ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል በጀልባ ተሻግሮ ዐረብ አገር ገብቷል። «ልጄ፣ ዛሬስ ገባ?» ይሉኛል። ገንዘቡ ከገባ ልጁ አለ ማለት ነው። ካልገባ ወንበሩ ላይ ጥቂት ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። እኔም እኚህን እናት በየወሩ እያየሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ንጉሥና ስለ ወርቅ ስንኝ ስቋጥር ኖሬአለሁ።

ያንን ግጥም ቀድጄዋለሁ። አዲሱን የጀመርኩት ከጢሮስ፣ ከኤዴስዮስ ደጃፍ ነው፤ ገና አላለቀም። እናንተም በየመሳቢያችሁ ያለውን አውጥታችሁ፣ መርከቡን ማን እንደ ቀዘፈው ተመልከቱ።