ከፊርማ በፊት ቆጠራ

በሌክ ስትሪትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ቢሮ ያላችሁ፣ «ፕሪንተሩን እኛ እናስገባለን፣ ቀለሙም ጥገናውም በእኛ ነው፤ እናንተ በገጽ ብቻ ክፈሉ» የሚል ሻጭ ሳይመጣባችሁ አይቀርም።

አገልግሎቱ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ለሚያትም ያዋጣል። ጣጣው «በወር ቢያንስ ይህን ያህል ገጽ» የምትለዋ መስመር ላይ ነው። ለምሳሌ ውሉ 2,000 ገጽ በ3 ሳንቲም ካለ፣ በወር 60 ዶላር ነው። 500 ገጽ ብቻ ብታትሙም ያው 60 ዶላር ትከፍላላችሁ። አንዱ ገጽ 12 ሳንቲም ገባ ማለት ነው!

ስለዚህ አስቀድማችሁ ቁጠሩ። አንድ ደስጣ ወረቀት 500 ቅጠል ነው፤ ለሁለት ሦስት ወር ስንት ደስጣ እንደጨረሳችሁ ጻፉ። ከዚያ ዝቅተኛውን የገጽ ብዛት በዚያው ልክ እንዲያደርጉላችሁ ተከራከሩ። ለዓመታት የሚያስር፣ በጽሑፍ ካላቆማችሁት ደግሞ በራሱ የሚታደስ ውልም አለ።

ልጆች! ለእማማና ለአባባ እንግሊዝኛውን የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁ። «ሚኒመም» እና «ሪኒዋል» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ወላጆችም፣ ልጁ አንብቦ ሳይጨርስ እስክሪብቶ አታንሱ።