ተዳፋት ሲናድ፦ ከብረቱ በፊት ውሃው

የባቡር ሐዲድ ያለፈበት ተዳፋት ከብርቱ ዝናብ በኋላ ሲናድ ዓይናችን የሚያርፈው በወረደው አፈር ላይ ነው። አፈሩ ይጠረጋል፤ ግርጌው በትላልቅ ድንጋይና በጋቢዮን ይደገፋል፤ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ወደ ውስጥ ገብተው በሲሚንቶ ይታሰራሉ፤ ገጹም የሽቦ መረብ ይለብሳል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። የምንከራከረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

አፈርን በተዳፋት ላይ የሚያቆመው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃውም የሚበረታው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በሚጫኑበት ኃይል ልክ ነው። ዝናቡ ሰርጎ ክፍተቶቹን ሲሞላ ግን ከክብደቱ ከፊሉን ውሃው በግፊቱ ይሸከመዋል፤ ቅንጣቶቹም ይላላሉ። ካርል ቴርዛጊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስረዱት ሐሳብ ይኸው ነው። ልዩነቱ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፦ ደረቅ ሳለ እስከ 30 ዲግሪ የሚቆም ልል አሸዋማ አፈር፣ ውሃው እስከ ገጹ ሞልቶ ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ሲወርድ ከ16 ዲግሪ ገደማ በላይ አይቆምም። የመቋቋም አቅሙ በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ የጥገናው የመጀመሪያ ሥራ ለውሃው መውጫ ማበጀት ነው እንላለን።

ቦይ መቆፈር ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2020 በስኮትላንድ፣ ከስቶንሄቨን ከተማ አጠገብ ካርሞንት በተባለው ሥፍራ፣ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። የታጠበው ጠጠር በሐዲዱ ላይ ፈሰሰ፤ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የሚያሳዝነው ጠጠሩ የታጠበው ውሃውን እንዲያስወግድ ከተሠራው ቦይ መሆኑ ነው። በ2022 የወጣው የምርመራ ዘገባ እንደሚገልጸው ቦዩ በንድፉ መሠረት አልተሠራም፤ በተዳፋቱ ላይ የተከመረ አፈር ውሃውን ወደ ቦዩ መርቶታል፤ የቦዩ የላይኛው ክፍል ደግሞ በጥገና መዝገብ ውስጥ ስላልነበረ መፈተሹን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በመዝገብ የሌለን ቦይ ማን ሊጠርገው ይችላል?

የደጋው ገበሬ ይህን ጉዳይ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በማሳው ላይ ፈሰስ ሲያወጣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ አለዚያ ከታች ያለው የጎረቤት መሬት ቦረቦር ይሆናል፤ ጠቡም ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው የባቡር መስመር ተራራማውን ምድር ቆርጦ ያልፋል፤ ከላዩ ያለው የማሳ ፈሰስ ሁሉ የሐዲዱም ጉዳይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። የተሠራው ቦይ ከንድፉ ጋር ተመሳክሮ ይመዝገብ፤ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት አንድ ሰው ከራስጌው እስከ ግርጌው በእግሩ ይመልከተው፤ በአሥጊ ተዳፋቶች ላይም የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ቀዳዳ ቧንቧ ይተከል። ቧንቧውን ለማንበብ የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ይበቃሉ።